ባዶውን ገጽ ያነበቡ አርባ ሰዎች

ፈታኟ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው አንድ ሥራ ነው፤ ሰው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ጥናት አንብቦ መረዳት አለመረዳቱን መመዘን። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ምርምር ልጀምር የሚል ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ፈተናው አንድ ገጽ ምንባብና ስምንት ጥያቄ ነው፤ መልሱ በገዛ ቋንቋ ይጻፋል፤ መዝገበ ቃላት ይፈቀዳል። ምንባቡ ስለ እንቁራሪቶች የመስማት ችሎታ ሲሆን ዘጠኝ ዓመት አልተቀየረም። ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «በፈተና ሰዓት መጠየቅ ክልክል ነው» ብላ ስለምትጽፍ «እመት ዝም በሉ» ይሏታል።

ያን ዕለት ጠዋት አርባ አንድ ተፈታኞች ተቀመጡ። ከኋላ አንድ ጸጉሩ የሸበተ የእንስሳት ሐኪም አለ። ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ አራተኛው የመጨረሻው ነው። ዛሬ ከወደቀ ስለ ላሞች የጡት በሽታ ስድስት ዓመት የሰበሰበው ማስታወሻ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ይቀራል።

ወረቀቱ እንደታደለ ሐኪሙ እጁን አወጣ። ፈታኟ ሰሌዳውን በጣቷ አሳየችው። ደግሞ አወጣ። ደግማ አሳየችው። ተስፋ ቆርጦ አወረደው።

የቀሩት አርባዎቹ ግን ሲያዩአቸው እንዴት ደስ ይሉ ነበር! መዝገበ ቃላት ይገለበጣል፤ ግንባር ይቋጠራል፤ አንዷማ በማስመሪያ እያሰመረች ታነባለች።

በማግስቱ ልታርም ስትቀመጥ ክው አለች። የምንባቡ ገጽ ባዶ ነው። የሁሉም! ወደ ማባዣ ክፍል በረረች።

«ወንድሜ፣ ምን ጉድ ሠራኸኝ?»

«ውይ እትዬ! ዋናውን ገልብጬ አስገብቼው ኖሯል፤ ጀርባውን ነው ያባዛሁት።» ራሱን አከከ። «ግን እኮ ማንም አልጮኸም!»

አርባዎቹ በሙሉ አልፈዋል፤ መልሱ ለካ ከአንዱ ዓመት ተፈታኝ ወደ ሌላው ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ነው። በማስመሪያ ስታነብ የነበረችው ልጅ ገጽ ላይ በነጩ መካከል ስድስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ተሰምረዋል። ሐኪሙ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ምንባቡ የለም፤ ካለም እኔ አላየሁትም።»

«አርባ ሰው ያነበበውን እሱ ምን ሆኖ ነው ያላነበበው?» አለ የፈተና ኮሚቴው ሊቀመንበር ውጤቱ ሲቀርብለት። «ዜሮ ነው፤ ይሰናበት።»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እጁን ሲያወጣ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።» ባዶውን ወረቀት ለአምስቱም የኮሚቴ አባላት አደለች። «እስቲ እናንተ አንብቡልኝ።»

አንደኛው መነጽሩን አደረገ። «ትንሽ ከበድ ይላል» አለ። ሌላው መዝገበ ቃላት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገለበጠው፤ መልሶ ገለበጠው፤ ከዚያ ፊቱ ቀላ።

«በቃ፣ ለሁሉም ይደገም» አለ ቀስ ብሎ። «ያለፈው አይቆጠርም።»

አዲስ ለማዘጋጀት ጊዜ ስላልነበረ በድጋሚው ቀን ያው የእንቁራሪቶቹ ምንባብ ቁልጭ ብሎ ታተመ። ሰሌዳው ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሐኪሙ እጁን አወጣ። ፈጠን ብላ ወደ እሱ ሄደች።

«ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ኧረ ምንባቡስ አለ፣ እትዬ። ጥያቄ አራት እንቁራሪቷ ከስንት እርምጃ ትሰማለች ይላል። ምንባቡ ግን ስለ እርምጃ አያወራም። ሦስቴም የወደቅኩት ይችን ስፈልግ ሰዓት እያለቀብኝ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አነበበች። የለም። ዘጠኝ ዓመት «ከሰባ እርምጃ» የሚለውን መልስ ትክክል ስትል ኖራለች! ወደ ፊት ወጥታ ጥያቄ አራት ተሰርዟል ስትል አዳራሹ አጉረመረመ፤ አርባዎቹ «ከሰባ እርምጃ» ብለው ጽፈው ጨርሰዋላ።

ሐኪሙ ሰባቱንም ሠርቶ ወረቀቱን ሲያስረክብ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር።