ቀዩ ሽቦ ከፊት

በደርግ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ ሬዲዮ እየጠገንኩ እኖር ነበር። ዛሬም የሆነ ነገር ድንገት ጧ ሲል ሰው ይደነግጣል፣ እኔ ግን ሳቄ ይመጣል። ምክንያቱ ይህ ነው።

የቀበሌያችን ድምፅ ማጉያ ተበላሸ። ሊቀመንበራችን ያለ ድምፅ ማጉያ እንደ ማንኛችንም ሰው ስለነበር ነገሩ አስቸኳይ ሆነ።

«ለእሁድ ካልደረሰ የት እንደምትገባ ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ወንድሜ እዚያው ታስሮ ነበር።

የብየዳ ካውያዬን ከሰል ላይ አግዬ የተቃጠለውን ዕቃ ነቀልኩ። ከአሮጌ ሬዲዮ ያወጣሁትን ካፓሲተር በቦታው በየድኩ። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም፣ አውራ ጣት የሚያክል ዕቃ ነው። ጠባዩ የሹም ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠበት ይፈነዳል።

እሁድ መብራት ስላልነበረ ከመኪና ላይ ባትሪ ተፈቶ መጣ። ሊቀመንበሩ «ሰፊው ሕዝብ መሪው በእጁ ሲሠራ ይይ» ብሎ ሽቦውን ራሱ ሊያስር ተነሳ። ቀዩ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቩ ላይ እንደሚታሰር አስረዳሁት። የባትሪው ፖዘቲቭ ግን በጀርባ በኩል ነበር።

«ቀዩን ከኋላ? አብዮቱን ከኋላ ልታስቀምጥ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባትሪውን ብናዞረው...»

«ዝም በል!»

ቀዩን ሕዝቡ እንዲያየው ከፊት አሰረና ማጉያውን ከፈተው። ድምፅ የለም። እሱ ግን ምን ገዶት፣ በባዶ አፉ ጀመረ። «ጓዶች! ጠላት ቢተኩስ ደረታችንን...»

ጧ!

ጭሱ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ደረቱን ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ሕዝቡ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ አብዮት ጥበቃዎቹ ከጠመንጃቸው ቀድመው ወደቁ። የፈነዳው ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።

አንዱ ጥበቃ ተነስቶ «አሻጥር ነው!» ብሎ አንገቴን ያዘኝ። በጣም ፈራሁ። ባለቤቴ አራስ ነበረች፤ አለቀልኝ አልኩ።

ይሄኔ ባለሱቋ እትዬ ብርቄ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሱ። «ኧረ ልቀቀው! ሽቦውን ያሰሩት ጓድ ሊቀመንበር አይደሉም እንዴ? ሁላችንም አይተናል» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ሥር ተመለከተ።

ሊቀመንበሩ ጉልበቱን እያራገፈ ወጣ። «ጓዶች! ይህ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ የንቃት ፈተና ነበር። ሰፊው ሕዝብ ወዲያውኑ መሬት በመያዙ አልፏል!» ተጨበጨበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ሰው ብቻ ተገትሮ ቀርቷል።»

ሕዝብ ፊት ቆሜ ንቃት እንደሚጎድለኝ አመንኩ፤ ሒሴን ዋጥኩ። ጥበቃውም አንገቴን ለቀቀኝ።

እትዬ ብርቄ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ልጄን ያቀፍኩት በእሳቸው አፍ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ፈተና ወድቄያለሁ። ወድቄ ደስ ያለኝ ግን በዚያ የንቃት ፈተና ብቻ ነው።