የኮርቻ ሰፊው የማኅበር ተራ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወልዱ ዲላ ላይ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊ ሳለ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ የማይነሣው ሰው አልነበረም። ልቡ ግን ከቢሮው አልነበረም። በወጣትነቱ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ኮርቻ መስፋት ተምሯል፤ ወስፌና ጠፍር ሲይዝ ደስ የሚለውን ያህል፣ ቁልፍና ማኅተም ይዞ ደስ ብሎት አያውቅም። የቡና ነጋዴው ከፍስሐ ገነትና ከገደብ በበቅሎ ሲመላለስ፣ ደኅና ኮርቻ የሚያገኘው አዲስ አበባ ልኮ ነበር። ይህን ሲያይ ከርሞ ሥራውን ለቀቀና ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ተከራየ።

"የመንግሥት እንጀራ ጠግበህ ነው?" አለችው ሚስቱ ቆንጅት። "ሰው ምን ይለናል?"

"ሥራዬን አይቶ ያመሰግናል እንጂ ምን ይላል።"

ሥራውንስ አመሰገኑት። የወልዱ ኮርቻ የበቅሎ ጀርባ አይልጥም ተባለ። የሚካኤል ማኅበርተኞቹ ሁሉ አሠሩ፤ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ገበየሁማ ከሁሉም ቀድመው ነበር። ይሁን እንጂ ውሎ አድሮ ኮርቻውን የሚወስድ አሽከር መላክ ጀመሩ። እግር ጥሎት የመጣውም ውሃ ሲቀርብለት "አልጠማኝም" ይላል። ወልዱ ልብ አላለም። ቆንጅት ግን ገበያ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ከእሷ ዓይን በነጠላቸው ሲሸፍኑ አይታለች፤ "የቆዳ ፋቂ ሚስት" ሲሉም ሰምታለች። ለባሏ አልነገረችውም።

የማኅበሩ ተራ ወልዱ ላይ ደረሰ። ቆንጅት ድፎውን ደፋች፣ ጠላውን ጠመቀች። ወልዱ ጋቢውን ደርቦ ደጅ ቆመ። ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ ሲል ረፈደ፤ ቀትር ሆነ፤ ጥላ ዞረ። በመጨረሻ የቀድሞ የቢሮ ባልደረባው ከፈለኝ ብቻውን መጥቶ ከደጅ ቆመ።

"ግባ እንጂ። ሌሎቹስ?"

"አቶ ገበየሁ ቤት ናቸው። ጽዋውም እዚያው ተባረከ።" ከፈለኝ መሬት መሬቱን ያያል። "አትቀየመኝ ወልዱ። ከቆዳ ሠሪ ቤት አንቀምስም አሉ። ብትተወው ይሻልሃል፤ ሰው ይረሳዋል።"

"አቶ ገበየሁ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በምን ሄዱ?"

"በበቅሏቸው።"

"ያለ ኮርቻ?"

ከፈለኝ ለመሄድ ፊቱን አዞረ።

"እሺ፣ አንተስ አንዲት ቁራሽ አትቀምስልኝም?"

"በልቼ ነው የመጣሁት" ብሎ ሄደ።

ቆንጅት ከጓዳ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ድፎው ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ አለቀሰች። በሳምንቱ ገደብ ወንድሟ ደበበ ዘንድ "ጥቂት ልሰንብት" ብላ ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ክረምቱ ሲወጣ ደበበ መጣ። ወልዱ ጠፍር ሲቆርጥ ነበር የደረሰበት።

"ቆዳውን ከተወ እመለሳለሁ ብላለች" አለው።

"ተውኩ ብልስ፣ ደበበ፣ ማን ያምነኛል?"

ደበበ በቅሎውን ፈታ። ወደ ገደብም ተመለሰ።

ወልዱ ዓይኑ እስኪደክም ኮርቻ ሰፋ፤ ሥራም አልጠፋበትም። ከዚያ ወዲያ ግን ደጁ የቆመን ሰው ግባ ብሎ አያውቅም።