ሰፊው ሕዝብ ያሳደጋት ይማርሽ

ይማርሽ እናቷን የገደለቻት በ1975 ዓ.ም. ክረምት፣ ላሊበላ፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ነው። እናቷ ገለቴ ያን ሰዓት አጠገቧ ተቀምጣ ጧፍ ትሠራ ነበር፤ የጥጥ ክር በቀለጠ ሰም እየነከረች፣ በመዳፏ እያሸች። ልጅቷ መጻፍ ስትጀምር ገለቴ የሰሙን ድስት ራቅ አደረገችው።

«ወረቀትሽን እንዳያበላሽብሽ» አለች።

ምን እየተጻፈ እንደሆነ አልጠየቀችም። ልጇ ወልድያ ወርዳ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ ውጤቷም መጥቶላታል። አዲስ አበባ ያለው መምህራን ኮሌጅ ለመግባት የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሕይወት ታሪክ ጽፎ መላክ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ተማሪዎቹን ሰብስበው አስረድተዋል፤ «ማን እንደሆናችሁ፣ ከየትኛው መደብ እንደመጣችሁ፣ ለምን መምህር መሆን እንደምትፈልጉ ጻፉ። ጽሑፉ በምትኖሩበት ቀበሌ ይረጋገጣል።» ይማርሽ የፊተኛውን በደንብ ሰማች። የኋለኛው ማኅተም ማስመታት ብቻ ስለመሰላት አለፈችው።

ያስጨነቃት መደብ የሚባለው ነው። አባቷ በንጉሡ ዘመን ጭቃ ሹም ነበር። ከሞተ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልሞተም። አብሯት የተማረውን ምስጋኑን አማከረችው።

«የጭቃ ሹም ልጅ ነኝ ብለሽ ኮሌጅ? እኔ ራሴ አላስገባሽም!» አላት።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ጭሰኛ አድርጊው። ድርቁ ፈጀው በይ።»

«እማዬስ?»

«እሷም ትሙት እንጂ! ወላጅ አልባን የሚያህል የለም። የጭቃ ሹም ሚስት፣ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ጧፍ ቸርቻሪ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«ቢታወቅብኝስ?»

«አዲስ አበባ ላይ እመት ገለቴን የሚያውቅ ማን አለ?»

ሳቁ። አዎ፣ ሁለቱም ሳቁ። እንዲህ ብላም ጻፈች፦ «ከድሃ ጭሰኛ ቤተሰብ ተወልጄ፣ እናትና አባቴን የ66ቱ ድርቅ ነጥቆኝ፣ ያሳደገኝ ሰፊው ሕዝብ ነው።» የመጨረሻዋ ሐረግ በጣም ስላማረቻት ገጹን እንደገና ገለበጠችው።

ደግሞ እኮ ውሸት አያስፈልጋትም ነበር! በ66 የሚበላ ሲጠፋ፣ ጧፍ የሚገዛ ተሳላሚም ሲጠፋ፣ ገለቴ የዘጠኝ ዓመት ልጇን እጇን ይዛ ወደ ወልድያ ወርዳለች። ጎተራው ባዶ ነበር፤ የተረፋት አንድ ጉማጅ ሰም ነው። እሱን እየቆረሰች ልጇ አፍ ውስጥ ትጨምር ነበር። «አኝኪው፣ እንዳትውጪው» እያለች። ሆድ ባይሞላም አፍ ሥራ ይይዛል፣ ልጅ ማልቀስ ይተዋል። ማን ነሽ ብሎ ለጠየቃት ኮሌጅ መልሱ ይኸው ነበር፤ በአፏ ውስጥ አኝካዋለች እኮ! እሷ ግን ይህ ሕይወት ለኮሌጅ የሚበቃ አልመሰላትም። የራሷን ትታ፣ ሹሞች መድረክ ላይ ሲያወሩት የሰማችውን ሕይወት ላከች።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ካድሬ ከአውራጃው መጣ። ማረጋገጥ ማለት ማኅተም አልነበረም፤ ጽሑፉ በቀበሌው ስብሰባ ላይ፣ በሚያውቋት ሰዎች ፊት ይነበባል። ገለቴ ልጇ ልትመሰገን ነው ብላ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ መጥታለች። ይማርሽ ከፊት ተቀምጣለች። ካድሬው ማንበብ ጀመረ። «እናትና አባቴን የ66ቱ ድርቅ ነጥቆኝ» ሲል ሰው ሁሉ ወደ ገለቴ ዞረ።

ከኋላ ጎረቤታቸው አያ ጋሻዬ፣ የሰፈሩ ቀልደኛ፣ «ገለቴ፣ ነፍስሽን ይማረው!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለ ካድሬው። ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። በዚያ ዘመን ካድሬ ፊት ስቆ ወደ ቤቱ ለመግባቱ ማን እርግጠኛ ነበር? «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ልጅ ወላጅ የላትም?»

ሊቀመንበሩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ያሳደጋት ሰፊው ሕዝብ ነው ይላል። ይኼ ሰፊው ሕዝብ ቤት የለውም? እህል የሚያቀምሳት ማነው? ዋሽታ ከሆነ ወረቀቷን እዚሁ እቀድደዋለሁ!»

ይማርሽ ተነሥታ «እናቴ ያቻት» ብትል ያልቅ ነበር። ኮሌጁ ይቀራል፤ እናት ግን ትተርፋለች። ምላሷን ነክሳ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላ ድምፅ። ገለቴ ቆማለች።

«እናት፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አክስቷ ነኝ።»

«እናቷስ?»

«እናቷ ሞታለች። እህቴ ነበረች።»

«በድርቁ?»

«በድርቁ። አፈር ያለበስኋት እኔ ነኝ።»

ገለቴ እህት ኖሯት አያውቅም። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ካድሬው ብቻ ነበር።

«እውነት ነው የምትሉ እጅ አውጡ!»

መጀመሪያ የአያ ጋሻዬ እጅ ወጣ፣ ያለ ቀልድ። ቀጥሎ የሁሉም። ይማርሽ ዞራ አላየችም፤ የጋቢውንና የነጠላውን መንሿሿት ብቻ ሰማች።

«በሙሉ ድምፅ» አለ ካድሬው፣ ፈረመም።

ቤት ሲገቡ ገለቴ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና ሰሟን እሳት ላይ ጣደች።

«እማዬ…»

«እማዬ አትበይ። ሰው ይሰማል።»

«ማንም የለም እኮ።»

«ልመጂው። ኋላ ኮሌጅ ውስጥ ያመልጥሽና ትባረሪያለሽ። እትዬ በይ።»

እንቢ ማለት ነበረባት፤ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረባት። ይማርሽ ግን ጎበዝ ተማሪ ናት፤ «እሺ፣ እትዬ» አለች።

ኮሌጅ ገባች፣ ተመረቀች፣ ፍላቂት ከተማ ተመድባ የሕብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ሆነች። በየወሩ «ለተወደድሽው አክስቴ» እያለች ትጽፋለች፤ ላሊበላ ያለ አንድ ዲያቆን ለገለቴ ያነብላታል። ገለቴ በመልሷ አንድም ቀን ልጄ ብላ አላጻፈችም። ይማርሽ ውላ ስታድር መልመዷን እንደ እረፍት ቆጠረችው። ሰው የማይለምደው ውርደት ምን አለ?

በ1981 ገለቴ ማረፏን የሰማች ዕለት እያለቀሰች፣ እናቴ ሞተች ብላ ፈቃድ ልትጠይቅ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። የቢሮው ሰውዬ ማኅደሯን ከፈተ። ያ የሚያምር ጽሕፈት እዚያው ነበር።

«እናትሽ በ66 ሞተዋል እኮ፣ ጓዲት» አላት፣ ግራ ገብቶት። «ስንት እናት ነው ያለሽ? ወይስ አክስትሽ ናቸው?»

ይማርሽ ዐይኗን ጽሕፈቷ ላይ ተከለች።

«አክስት ከሆኑ የሐዘን ፈቃድ የለውም።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። የጻፈችውን አነበበላት፣ በቃ።

ያለ ፈቃድ ሄደች። ላሊበላ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። ከለቀስተኛው ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆመች። ምን ብላ እየጮኸች እንደምትገባ አታውቅም፤ እማዬ የሚለውን ስም ስድስት ዓመት አልጠራችውም። ውስጥ የተቀመጡት እነዚያው ናቸው፤ እጅ ያወጡት። ሁሉም ያይዋታል።

አያ ጋሻዬ፣ አሁን አርጅቶ፣ በትሩን ተደግፎ ተነሣ። አጠገቧ መጥቶ ክንዷን ያዛት።

«ጩኺ፣ ልጄ» አላት ቀስ ብሎ። «እናትሽ ናት። አሁን እጅ ማውጣት አያስፈልግም።»

ጮኸች። ጮኻ ስታበቃ ግን ፊቷን የሸፈነችበትን እጇን በእነዚያ ሰዎች ፊት ማውረድ አቃታት፤ እየመሩ አስገቧት።