ለሰሚራ የሰጠኋት ሁለት መልስ

ሦስታችን ቆመን ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ በሩ ላይ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራው ሰሚራ መስኮቱ ሥር፣ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ፤ እኔ ከካርድ መደርደሪያው ፊት፣ ሃያ ሁለት ዓመት በቆምኩበት ቦታ። አቶ ተካ የሚባሉት ታካሚ አግዳሚው ላይ ተጋድመው ግሉኮስ ተሰክቶላቸዋል። ያን ቀን በዚያ ክፍል ያደረግሁትን ለባሌም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለእርስዎ የምነግርዎት ስለማያውቁኝ ይሆናል።

ቦታው ካዛንቺስ የነበረ ክሊኒክ ነው። እኔ የካርድ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ካርድ ይጠፋል፤ በየትኛውም ካርድ ክፍል ይጠፋል። እኛ ዘንድ ግን «ጠፋ» አይባልም። «ሐኪም ጋ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ» እንላለን። ታካሚው ሲቀመጥ እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ አዲስ ካርድ አወጣለታለሁ፤ የጠፋውን ቁጥር በጥቁር ደብተር እጽፋለሁ። ደብተሩ መኖሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሰሚራ የመጣችው ታካሚ ቁጥሩን ሲያስገባ ካርዱ የት እንዳለ የሚነግር ፕሮግራም እንድትሠራ ነው። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች፤ ፕሮግራሙ በደንብ ከሠራ ትቀጠራለች። የካርዶቹ መዝገብ ግን ወደ ኮምፒውተር ገብቶ አላለቀም።

«እትዬ አስካለ፣ መዝገቡ እስኪደርስ በሱ ቦታ የሚመልስልኝ አስመሳይ ነገር እሠራለሁ» አለችኝ። «ሞክ እንለዋለን። ከራሱ ምንም አያውቅም፤ በቃ፣ ያልነውን ነው የሚመልሰው። እስቲ እርስዎ መዝገብ ይሁኑልኝ። ይሄ ቁጥር የት ነው?»

«መደርደሪያ ላይ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«ሐኪም ጋ ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ እኮ ከሰርቨሩ ይፈጥናሉ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ማለቴ፣ ጭራሽ የማይገኝ ካርድስ ካለ?»

«በእኔ እጅ ካርድ ጠፍቶ አያውቅም» አልኳት።

ደብተሩ ከክርኔ ሥር መሳቢያው ውስጥ ነበር።

ሰሚራ እንዳልኳት ሠራች። መልሱ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ መደርደሪያ ላይ የሌለ ካርድ ሁሉ ሐኪም ጋ ነው ማለት ነው። ፕሮግራሙን ሞክ በሚሉት ነገር ደጋግማ ፈተነችው፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ አለፈ ማለት ነው። ጠርታ አሳየችኝ። «ጎበዝ» አልኳት። አላወቅሁም ነበር? አውቄአለሁ። ያን ጊዜ ደብተሩን አውጥቼ ብሰጣት ኖሮ ማረሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

እውነተኛው መዝገብ በገባ በሳምንቱ አቶ ተካ መጡ። ስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ለደም ምርመራ ምንም ሳይቀምሱ ነበር የመጡት። የያዙት ወረቀት ላይ ያለው ካርዱ የጠፋው የድሮ ቁጥራቸው ነው። የዚያ ቁጥር ቦታ በመዝገቡ ባዶ ነበር፤ ቁጥሩ ያለው በእኔ ደብተር ነው፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ። ቁጥሩን ሲያስገቡ ማሽኑ «ሐኪም ጋ ነው፣ ይጠብቁ» አላቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ወደቁ። እኔ ያንኑ ቃል ስል ከጀርባ አዲስ ካርድ አወጣ ነበር። ማሽኑ ከእኔ የሰማው ቃሉን ብቻ ነው፣ ካርድ ማውጣቱን አልሰማም፤ አልነገርኩትማ።

አቶ ግርማ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። «በአስመሳይ ነገር ፈትነሽ ነው ሰው ላይ የለቀቅሽው?»

«አስመሳዩ የሚመልሰው የተነገረውን ነው» አለች ሰሚራ። «መልሱን የወሰድኩት ከካርድ ክፍሉ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ አስካለ፣ ካርድ እንደሚጠፋ ነግረዋት ነበር?»

«ነግሬያታለሁ» አልኩ።

ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር። እንዲህ ስል ሰበብ እየሰጠሁ እንዳይመስልዎ። ጡረታዬን ማንም አይነካብኝም ነበር። የፈራሁት «የአስካለ ካርድ ክፍል ካርድ ይጠፋበታል» መባልን ነው። ለዚያ ስል አንድ ጊዜ ለልጅቷ ዋሸሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ በልጅቷ ላይ ዋሸሁ። የመጀመሪያው ውሸት ሰው ጣለ። ሁለተኛው የበለጠ ነው እላለሁ፤ ሰውየው አግዳሚው ላይ ተኝተው እያየኋቸው፣ አውቄ ነው ያደረግሁት። አቶ ተካ በማግሥቱ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰሚራ ግን አልተቀጠረችም።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ክሊኒኩም ፈረሰ። ደብተሩ እኔ ጋ አለ። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌአት አላውቅም፤ ፈልጌ አጣኋት ብል ሦስተኛ ውሸት ይሆናል።

ያን ቀን «ነግሬያታለሁ» ስል ሰሚራ አየችኝ። ልጅቷ ወሎዬ ናት፤ ትልቅ ሰውን ፊት ለፊት «ዋሹ» ማለት ከቤቷ አልተማረችም። እኔም ይህን አውቅ ነበር።

«እንግዲያው ረስቼው ይሆናል» አለች።

ቻርጀሯን ከግድግዳው ነቀለች። ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አቶ ተካን «እግዜር ይማርዎ» አለቻቸው። አቶ ግርማ ከበሩ ፈቀቅ አለላት፤ ወጣች።