የጋሽ ሳይንስ ብርጭቆ

ጎረቤቴ ጥርስ ሠሪ ናቸው፤ እኔም የማኝከው በእሳቸው ሥራ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ሳይንስ» ይላቸዋል። እግዜር የለም፣ ነፍስ የለም፣ ሰው ማለት ሥጋና አጥንት ነው፣ ሲሞት አለቀ። ይህንን የሚነግሩኝ አፌን አስከፍተው የጥርሴን ልክ ሲወስዱ ነው፤ መልስ እንዳልሰጥ። ሚስታቸው እትዬ ግን ጸሎተኛ ነበሩ። «ለዚህ ግትር ሰውዬ እጥፍ ነው የምጸልየው» እያሉ ይስቁ ነበር፣ ባላቸው በሠሩላቸው ጥርስ።

እትዬ ሲሞቱ ሆስፒታሉ ያንን ሰው ሠራሽ ጥርስ በትንሽ ፌስታል አድርጎ ለጋሽ ሳይንስ ሰጣቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጡ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረው ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ሥራ ክፍላቸው ያዞሩታል። መስኮት ላይ ያስቀምጡትና ፀሐይ ያገኘዋል ብለው ያነሱታል። ሥራ ይጀምሩና ይተዉታል። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ይቀይራሉ። አሳዘኑኝ፤ ደግሞም አናደዱኝ፣ ያን ሁሉ ዘመን በእምነቴ ሲያፌዙብኝ ኖረው!

ልጃቸው እንደ እናቷ አማኝ ናት። የእናቷን ልብስ ለችግረኛ ልትሰጥ የመጣች ዕለት ላግዛት ሄድኩ። ቀሚሱን ሁሉ ሳታመነታ አጠፈች። ብርጭቆውን ስታይ ግን እጇ ቆመ።

«አባዬ፣ ይሄን እንኳ እንጣለው።»

«ካልተነከረ ይጣመማል» አሉ ጋሽ ሳይንስ፣ ብርጭቆውን ቀድመው አንስተው።

«ቢጣመምስ? እማዬ እኮ እዚህ ውስጥ የለችም። ነፍሷ ፈጣሪዋ ጋ ናት። ይሄ ፕላስቲክ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ በተገላቢጦሽ፣ አባትየው ማለት የነበረባቸውን ልጅቷ አለችው። ጋሽ ሳይንስ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ፤ ውሃው እጃቸው ላይ ፈሰሰ።

«አንቺ ሌላ ቦታ ታገኛታለሽ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ሌላ ቦታ የለኝም። ለማመን ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። እኔ ጋ የቀረችው ይቺው ናት፣ ልጄ።»

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ያን ዕለት እንደ እሳቸው ያዘንኩለት ሰው የለም።

ልጅቷ ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰደች። ጋሽ ሳይንስ ደንግጠው ተከተሏት። እሷ ግን ወደ ቆሻሻው አልሄደችም፤ የቆየውን ውሃ ደፍታ ቧንቧውን ከፈተች።

«ሙቅ እንዳታደርጊበት» አሉ ከኋላዋ። «ሙቅ ያበላሸዋል።»