የመጨረሻ ገጾቹ የጠፉበት ልብ ወለድ

ልጅ እያለሁ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር መዋያዬ የአክስቴ የትዕግሥት መጻሕፍት ቤት ነበር። መካኒሳ ታክሲ መያዣው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አክስቴ መጽሐፍ ትሸጥባት፣ ታከራይባትም ነበር። የአሮጌ ወረቀት ሽታዋ ከመንገዱ የናፍጣ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አክስቴ እጮኛዋ ትቷት ሌላ ካገባ ወዲህ በዓል አትወድም ነበር። እናቴ አብረን እንዋል ብላ ብትለምናትም ሥራ አለብኝ እያለች ሱቋ ውስጥ ታመሽ ነበር።

ጋሽ ዳዊት የሚባል ደንበኛ ነበራት። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የፍቅር ልብ ወለድ ይከራያል። ዝምተኛ ነው፤ መጽሐፍ ሲመልስ የታጠፈውን ገጽ ሁሉ አቃንቶ ነው።

አንድ የገና ዋዜማ፣ ውጭው በበግ ጎታችና በቄጤማ ሻጭ ሲተራመስ፣ የተከራየውን ይዞ መጣ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለው ስለጠፉ የልብ ወለዱ ልጅ በመጨረሻ ምን እንደሆነች ጠየቃት። እኔ ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ አክስቴ ራሷ ነግራኛለች። የምትወደው ልጅ እንደወጣ ይቀራል፣ ልጅቷም ብቻዋን ታረጃለች።

አክስቴ ግን አቧራ የምትጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠችና ጥቂት አሰበች። ከዚያ ልጁ በበዓል ዋዜማ ተመልሶ በሩን እንዳንኳኳ፣ ልጅቷም እንደከፈተችለት ነገረችው። አፍጥጬ አየኋት። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም።

ጋሽ ዳዊት ፈገግ አለ። "ትዕግሥት፣ እኔ እኮ ድሮ ሙሉውን አንብቤዋለሁ" አላት ቀስ ብሎ።

ፊቷ ቀላ። "ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?"

"አንቺ እንዴት እንደምትጨርሺው መስማት ፈልጌ ነው።"

መጽሐፉን ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። በኋላ አክስቴ ዛሬ በጊዜ እንዝጋ አለችኝ፤ ለእሱም፣ ካልቸኮልክ እህቴ ቤት ድረስ ሸኘን አለችው። እናቴ በሩን ስትከፍት ቤቱ ቁሌት ቁሌት ይሸታል። መጀመሪያ እህቷን አየች፣ ቀጥሎ ከኋላዋ የቆመውን ሰው። ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ጨመረች።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ተጋቡ።

ዛሬ ያቺ ክፍል የስልክ ዕቃ መሸጫ ሆናለች፤ እኔም የማነበው ከስልኬ ላይ ነው። አልፎ አልፎ በዚያ ሳልፍ የወረቀቱ ሽታ ይናፍቀኛል። ግን ያኔ በዓል ሲመጣ ከመካከላችን የምትጎድለው አክስቴ ነበረች። አሁን ገና ሲደርስ ሁላችንም ልጆቻችንን ይዘን የምንሰበሰበው ላፍቶ፣ እሷና ጋሽ ዳዊት ቤት ነው።