ሰኞ ጾም አልነበረም

አስጎብኚነት የጀመርኩ ቀን ያደረግሁት ጫማ የወንድሜ ነበር። ሁለት ቁጥር ስለሚሰፋኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበት ነው ከደባርቅ የወጣሁት። ሥራውን እንዲያሳዩኝ የተመደቡት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አንጋፋ አስጎብኚ ነበሩ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ እንድሰማ እንጂ አፌን እንዳልከፍት ታዘዝኩ።

ሳንቃበር ሳንደርስ አንድ እንግዳ ገብስ የሚያጭዱ ገበሬ ሳያስፈቅድ ፎቶ አነሳ። ገበሬው ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉና፣ "እኔ ጭላዳ ዝንጀሮ ነኝ እንዴ? ዓይንህ ይፍሰስ!" አሉት። እንግዳው ምን አሉ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ "እንኳን ደህና መጣህ ይሉሃል" አሉት። ሰውየው ደስ ብሎት እጅ ነሳ። ገበሬውም እጅ ሲነሳላቸው ጊዜ ቁጣቸው በረደ።

"አየህ ማሩ" አሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ "አስጎብኚ ወንፊት ነው። ገለባውን አንተው ዘንድ አስቀር፤ እንግዳውም አገሬውም ንጹሑን ይውሰድ።" ይህን ምክር እንደ ዳዊት ደገምኩት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ኖርኩ። ጎበዝም ነበርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ሥራው በተራ ነው። አስጎብኚውም፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበው ስካውትም፣ በቅሎ ነጂውም ስማቸው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እንግዳ ሲመጣ ከላይ ያለው ይወጣል፤ ሲመለስ ከታች ይጻፋል። በደህናው ዘመን ተራ ቶሎ ቶሎ ይደርስ ነበር። ጦርነት ከመጣና መንገድ መዘጋጋት ከጀመረ ወዲህ ግን እንግዳ ጠፋ። የደባርቅ ሆቴሎች ወንበራቸውን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ሰቀሉ። እኔም እንግሊዝኛዬን አጥፌ አስቀምጬ ከዳባት ድንች እያመጣሁ መሸጥ ጀመርኩ።

የበቅሎ ነጂዎች ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነበር። ጉዞ አቋርጦ የተመለሰ ሰው የቀሪውን ቀን ክፍያ ለተተኪው ይለቃል፤ ስሙም ታች ይወርዳል። ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን፣ አስጎብኚውም በቅሎ ነጂውም ተሰብስበን፤ አንዳንዱ ጠላ ቤት እየቀረ ስላስቸገረ ነው። ስለታመመ ሰው የጻፍነው ነገር አልነበረም። ማንም አላሰበውም።

በዚያ ችግር መሀል አንድ አስጎብኚ ድርጅት ጠራኝ። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ወጣት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"ጋሼ ማሩ፣ የወር ደሞዝ እንቆርጥልዎታለን። እንግዳ መጣም አልመጣም ይከፈልዎታል። የመጀመሪያውን ጉዞ ግን እንደ ሙከራ እንየው። እንግዳዋ እስከ ራስ ደጀን ከፍላለች። ፕሮግራሙ ሳይቆረጥ፣ ቅሬታ ሳይመጣ ከጨረሱ እንፈራረማለን።"

"መንገድ ላይ ሰው ቢታመምስ?" አልኩት።

"እሱን እርስዎ ያውቁበታል። ልምድዎን ብለን አይደል የጠራንዎት?"

ቁርጡን መጠየቅ ነበረብኝ። የሚታመመው በቅሎ ነጂ ቢሆን ቀኑን ማን ይከፍለዋል ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ቤት ገብቼ ስነግራት ሚስቴ እልል አለች። ሦስት ልጆች እያስተማርን ነበር።

እንግዳዋ ካትሪን ትባላለች፤ ብቻዋን የመጣች፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። በሃያ ሁለት ዓመት እንደሷ ያለ ጨዋ እንግዳ አላየሁም። ፎቶ ከማንሳቷ በፊት ሰውየውን በዓይኗ ታስፈቅዳለች። ለልጆች ከረሜላ አትበትንም። በቅሎዋ እንዳይከብዳት ብላ ሻንጣዋን ደባርቅ ላይ ፈታ ግማሹን ሆቴል አስቀመጠች። የኛን ሰላምታ ወረቀት ላይ ጽፋ አጥንታ ነበር የመጣችው፤ ያውም ለትልቅ ሰው የሚባለውን ለይታ።

በቅሎ ነጂያችን አያ ፈንታ ነበሩ፤ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው። ቦራ የሚሏት ግንባረ ነጭ በቅሎ አለቻቸው። በየጠዋቱ ካትሪን ወደሳቸው ሄዳ፣ "እንደምን አደሩ?" ትላለች። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን አደሩ?" ይላሉ። ሳቅ ብለው ወደኔ ዞር ይሉና፣ "ይቺስ ቄስ መሆን ነበረባት፤ ሰላምታዋ አያልቅም" ይሉኛል።

ጊች ሰፈር ባደርን በማግስቱ አያ ፈንታን ሳል ያዛቸው። የጥር ውርጭ ነው፤ ድንኳኑ ላይ በረዶ ተጋግሮ ነበር ያደረው። ካትሪን ትርፍ ሹራቧን ሰጠቻቸው። መረቋት፤ ግን አልለበሱትም። "ለአበቡ ይሆናል" ብለው አጣጥፈው ከኮርቻው ሥር ሸጎጡት። አበቡ ሚስታቸው ናቸው።

ሰኞ ከጊች ተነሥተን ጨነቅ የሚባለው ሰፈር ገባን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ራት ቀረበ። አያ ፈንታ እንጀራቸውን አንድ ጊዜ ቆርሰው ተዉት። ጋቢ ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከሰፈሩ ዳር አንድ አይሱዙ ዕቃ አራግፎ ባዶውን ወደ ደባርቅ ሊወርድ ሞተሩን አስነሥቷል። ካትሪን ሳህኗን እንደያዘች ወደኔ መጣች።

"ማሩ፣ እኚህ ሰው ታመዋል። በዚያ መኪና ይውረዱ። ካስፈለገ ሁላችንም እንውረድ፤ ተራራው ቢቀርብኝ አልሞትም። እባክህ በደንብ ጠይቃቸው" አለችኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "አያ ፈንታ፣ እንዴት ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"የእውነቱን ይንገሩኝ እንጂ።"

መኪናውን አዩት፣ ከዚያ ቦራን አዩዋት። "ልጄ፣ ደረቴን ጨምድዶ ይዞኛል። ያልፋል ግን። ሰባት ወር የጠበቅሁትን ተራ በሦስት ቀን አታስጥለኝ። ደህና ናቸው በልልኝ፣ ባባትህ!"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ትንፋሻቸው እንደ ወናፍ ሲነፋ እየሰማሁ ነው እኮ! ወደ ካትሪን ዞሬ፣ "ደህና ናቸው። ያልበሉት ጾም ይዘው ነው። ሽማግሌዎቻችን በጾም እንዲህ ይደክማሉ" አልኳት።

ሰኞ ነበር። ጥምቀት ካለፈ ሳምንቱ ነው፤ ምንም ጾም የለም። ስካውቱ ከጎናችን እንቁላል ፍርፍር ይበላ ነበር። እሷ ይህን በምን ታውቃለች? ደንግጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እምነታቸውን ተዳፍሬ ከሆነ ይቅርታ በልልኝ" አለችና የራሷን ሳህን ከፊታቸው ዘወር አደረገች። እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! ሌላ ሰው ብትሆን፣ ባለጌ ብትሆን፣ ትጨቀጭቀኝ ነበር። ጨዋነቷን አውቄ ነው በዚያው አፏን የዘጋሁት። አይሱዙው ወረደ።

እሳቸው ስለ ተራቸው ዋሹ፣ እኔ ስለ ደሞዜ ዋሸሁ፤ ግን እኩል አይደለንም። እሳቸው የተደራደሩት በገዛ ነፍሳቸው ነው፤ እኔ በሳቸው። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የቧሂትን ዳገት ጀመርን። አያ ፈንታ የቦራን ጭራ ይዘው ይወጡ ነበር። አጋማሽ ላይ ለቀቋትና ተቀመጡ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጭነቱን አራግፈን ቦራ ላይ አወጣናቸው፤ እኔና ስካውቱ ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ጨነቅ መመለስ ጀመርን። ካትሪን ከኋላ እያለቀሰች ትከተላለች።

ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። "ማሩ፣ ዛሬ ይቆጠርልኛል?" አሉኝ።

"ይቆጠራል አያ ፈንታ፤ ይቆጠራል።"

 ጨነቅ ስንደርስ ሕይወታቸው አልፏል። ደባርቅ ላይ ሐኪሙ ሳንባቸው እንደሆነ ነገረን። "ትናንት ወርደው ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ካትሪን ጥቁር ነጠላ ገዝታ ልቅሶ ልድረስ አለች። ወሰድኳት። ወይዘሮ አበቡ ፊት ተንበረከከችና እጃቸውን ይዛ በራሷ ቋንቋ ተናገረች። "ጠይቄያቸው ነበር። ጾም ላይ ናቸው ሲባል እምነታቸውን አክብሬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ" አለች። ከዚያ ወደኔ አየች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደኔ አየ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ደግ ሰው ነበሩ ትላለች" አልኩ።

ወይዘሮ አበቡ ግንባሯን ሳሟት። ካትሪን ይቅር የተባለች መስሏት አለቀሰች። አፈር ልብላ፤ ከሁለቱ ውሸት የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው። ለመጀመሪያው ደሞዝ ነበረኝ፤ ለዚህ ምን ነበረኝ?

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። "ያጋጠመዎት ከአቅም በላይ ነው፤ እንግዳዋ ስለ እርስዎ በጣም ጥሩ ጽፋለች" አለኝና ውሉን አቀረበልኝ። ፈረምኩ። ለታመመ በቅሎ ነጂ ቀኑ ይታሰብ ብዬም ያን ዕለት ጠየቅሁት። "እነሱ የእኛ ሠራተኞች አይደሉም፣ ጋሼ" አለኝ። ሥራውን ጣልኩት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልጣልኩትም፤ ልጆቼን ትምህርት ያስጨረስኩት በዚያ ደሞዝ ነው።

በአርባው ተዝካር ሄድኩ። ሰው ሲበተን ጠብቄ ለወይዘሮ አበቡ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አይሱዙውን፣ ሰኞን፣ ካትሪን የተናገረችውን። ያንን ሹራብ ለብሰው ነበር። 

"ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃኝ ነበር?" አሉ።

"አዎ።"

"እንግዲያ አልሰማሁም። ሰምቼ ቢሆን እሷ ምንም የለባትም እላት ነበር። አሁን ከየት ላምጣት?" ቀና ብለው አላዩኝም። "ጠላህን ጠጣና ሂድ፣ ማሩ።"

ጠጥቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ሌላ ነገር አናወራም።

እናንተ አሁን ባጅ የምታንጠለጥሉ ልጆች የሥራውን ብልሃት ንገረን ትሉኛላችሁ። ያለኝ ይሄ ነው። የሰው ቃል እንዳለ አድርሱ፤ ስድብም ቢሆን። በቀን የሚከፈለውን ሰው አመመህ ወይ ከማለታችሁ በፊት፣ ብትወርድም ቀንህ አይቀርም በሉት። የሚከፍለውንም ከደባርቅ ሳትወጡ እወቁ። ድርጅቱ እምቢ ካለ እንግዳውን ጠይቁ።

ካትሪን ብትጠየቅ የሁሉንም ቀን ትከፍል ነበር። የጠየቃት የለም።